ሆስፒታል ገብታ ሌላ በሽታ ያዛት፤ አስታማሚ ምን ማድረግ ይችላል?

የእማ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ነገሩን ሦስት ሳምንት በሆዴ ይዤው ከረምኩ።

እናቴ ከመራዊ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። የሐሞት ጠጠር ነበረባት። ኦፕሬሽኑ ደህና ሆነ። ሐኪሙ «በአራት በአምስት ቀን ትወጣለች» አለን። እኛም መኪና አነጋገርን። በአምስተኛው ቀን ግን የተሰፋው ቦታ ቀላ። ሲነኩት ይፋጃል። ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ መጣባት። ጠዋት ፋሻው ሲነሳ መግል ሆኖ ተገኘ። አምስት ቀን የተባለው 23 ቀን ሆነ። መድኃኒቱን ከውጭ ገዛን። ወንድሜ አንድ በሬ ሸጠ።

ሐኪሙ አልደበቀኝም። «ይሄ ከቤቷ ይዛው የመጣችው አይደለም፤ እዚሁ የያዛት ነው» አለኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አክስቴ ልትጠይቃት ስትመጣ ቁስሉን ላሳያት ብዬ የፋሻውን ጫፍ በእጄ ገለጥ አድርጌያለሁ። እጄን አልታጠብኩም ነበር። ደግሞ አንድ ቀን ነርሷ ከጎናችን ያለችውን ታማሚ ጨርሳ በዚያው ጓንት ወደ እማ መጣች። እያየሁ ዝም አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ከተናገርኳት ትቆጣና እማን ትበድልብኛለች ብዬ ፈራሁ።

የቱ እንደጎዳት አላውቅም። ሁለት ነገር ንገሩኝ። አስታማሚ ምን ማድረግ አለበት? ባለሙያንስ ሳይጣሉ «እጅሽን ታጠቢ» የሚባለው እንዴት ነው?

አወያይ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:55

እግዜር ይማርልሽ። ለሁላችሁም፦ የሆስፒታልም የባለሙያም ስም አትጻፉ። ወደ ክስ ከሄደ የምንማማርበት ነገር ይጠፋል።

ነጭ ጋዋን | ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

እህቴ፣ እማን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ነርስ ነኝ። 11 ዓመት ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እዚሁ ከተማ።

ያየሽው የጓንት ነገር እውነት ነው፤ ይደረጋል። አልከላከልም። ጓንት ያጠለቀ ሰው እጁ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። ከአልጋ አልጋ ከዞረ ግን ያ ጓንት የሚጠብቀው እኔን ብቻ ነው። ለታማሚው ካልታጠበ እጅ አይሻልም። አንድ ጓንት ለአንድ ታማሚ ነው። ሲወልቅም እጅ ይታጠባል።

ለምን እንደሚሆንም ልንገርሽ። ማታ ተረኛ ስሆን ዋርዱ ጢም ብሎ ይሞላል። አንዷ ትጣራለች፣ የአንዱ ግሉኮስ አልቋል፣ ሌላው ደም ያስመልሰዋል። ውኃ የሚጠፋበት ሌሊትም አለ። ከተማችን ጣና ዳር ተቀምጣ እኛ በደረቀ ቧንቧ ፊት ጀሪካን ይዘን የምንቆምበት ሌሊት። ይህ ያማል። ሰበብ ግን አይሆንም። ለዚያ ተብሎ ነው አልኮል የተቀመጠው።

እኛ እጃችንን የምናጸዳባቸው አምስት ጊዜያት አሉ። ለአንቺም ይሠራሉ። እማን ከመንካትሽ በፊት። ቱቦ ወይም ፋሻ ያለበትን ቦታ ከመያዝሽ በፊት። ደም፣ ሽንት ወይም መግል ከነካሽ በኋላ። እማን ነክተሽ ስትጨርሺ። አልጋዋን፣ ኮመዲኖዋን፣ የግሉኮሱን መስቀያ ከነካሽ በኋላ። ይቺን የመጨረሻዋን ሁላችንም እንረሳታለን። ሰው ታማሚ ካልነካ እጁ የቆሸሸ አይመስለውም። የአልጋው ብረት ግን ስንት ሰው ይዞት ያልፋል።

በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። የአውራ ጣትና የጣት ጫፍ አይዘለል። እጅ ላይ የሚታይ እድፍ ካለ አልኮል በቂ አይደለም፤ ሳሙና ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይከብዳል። «ታጠቢ» አትበይ። ጠርሙሱን አቅርቢላትና «ሲስተር፣ አልኮሉ እዚህ አለልሽ» በያት። አንዲት እናት እኔን እንዲህ አሉኝ። በትራስጌያቸው ትንሽ ሳኒታይዘር አስቀምጠው ነበር። «እንኪ ልጄ፣ ደክሞሻል፤ ይቺን እጅሽን አስነኪያት» አሉኝ። አፈርኩ። አልተቀየምኳቸውም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው አልጋ ጋ ስደርስ መጀመሪያ እጄ ነው ወደ ጠርሙሱ የሚሄደው።

የዘጌ ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

እኔ ስለ ሕፃን ልናገር። ባለቤቴን ምጥ ሳይደርስ ያዛትና ከዘጌ በጀልባ አመጣናት። ልጁ ያለ ጊዜው ተወለደ። ስትመዝኑት አንድ ፍሬ ነገር። ሕፃናት ክፍል ስገባ በር ላይ አንዲት ነርስ አስቆመችኝ። ሰዓቴን አስፈታችኝ፣ ቀለበቴን አስወለቀችኝ፣ እጅጌዬን እስከ ክርን አስጠቀለለችኝ። ከዚያ ታጠብ አለችኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። የገዛ ልጄን ልነካ ነው ይሄ ሁሉ ብዬ።

ኋላ ነው የገባኝ። ከጎናችን ያለ ሕፃን በደም ኢንፌክሽን ሞተ። እናቱ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የእኔን ልጅ ሚስቴ ደረቷ ላይ አስረው በገላዋ አሞቁት። ካንጋሮ ነው የሚሉት። ነርሷ እንዳለችን የሙቀት ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ የእናቱን ገላ ሲለምድ፣ የእናቱን ጡት ብቻ ሲጠባ በኢንፌክሽን የመያዙ ነገር ይቀንሳል። ሚስቴ ስትታጠብ እኔም በተራዬ ደረቴ ላይ አደርገው ነበር። አሁን ይሮጣል።

ለዚያች ነርስ ይቅርታ አላልኳትም። ይህን ካየች ይቅርታ።

የአዲስ አበባዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

ዋናው ችግር ጠያቂ ነው። ባሕር ዳር አጎቴን ልጠይቅ ስመጣ አንድ አልጋ ዙሪያ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ። አንዱ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ከዚህ አልጋ ተነሥታ ያንኛውን አልጋ ትስማለች። ገበያ የዋለ ነጠላ ታማሚ ላይ ይዘረጋል። ጠያቂ ጨርሶ መከልከል አለበት።

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

ልጄ፣ ያልሽውን አይቻለሁ፤ እውነት ነው። ግን ጠያቂ ጨርሶ ይከልከል ማለት አልችልም። ገጠር የመጣ ሰው መድኃኒቱን የሚገዛለት ያ ጠያቂ ነው። ምሳ የሚያመጣለት እሱ ነው። ደም የሚሰጥለትም እሱ ነው። ሰው ያልጠየቀው ታማሚ የተጣለ ይመስለዋል፤ እንጀራም አይገባለትም።

እኔ ስተኛ ልጆቼ ያደረጉት ይህን ነበር። ጠያቂው ሁሉ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። አንድ ሰው ይገባል፣ እጁን ያጸዳል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይወጣል። ጉንፋን የያዘው በስልክ ብቻ። ታላቅ እህቴ ሳትስመኝ በመውጣቷ አልቅሳለች። ግን እሺ አለች።

የአዲስ አበባዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:25

እሺ ጋሼ፣ ይህ ይሻላል። ቢሆንም አልጋ ላይ መቀመጥ ሕግ ቢወጣለት ደስ ይለኛል።

ሬዚደንት ነኝ | ረቡዕ፣ ቀን 7:50

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ለጠያቂያችን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ ጀርሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ቆዳው ተከፍቶ ሳለ ነው። ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከታማሚው ከራሱ ቆዳ ወይም አንጀት ነው። ምልክቱ ግን ከቀናት በኋላ ይታያል፤ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊቆይም ይችላል። ፋሻ መግለጥሽ ትክክል አልነበረም። ግን እማን ያሳመማት እሱ ነው ብሎ ሊፈርድብሽ የሚችል ሰው የለም። ይህን ሸክም አውርጂው።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በበለጸጉት አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ታማሚዎች 7ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 15ቱ። ከሚያዙት ውስጥ ደግሞ ከ10 አንዱ ይሞታል።

ከኦፕሬሽን በፊት ቤተሰብ ሊያግዝ የሚችልበት ነገር አለ። ታማሚው በዋዜማው ወይም ጠዋት ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ተራ ሳሙና ይበቃል። ሆዱን በምላጭ አትላጩት። ብዙ ሰው ንጽሕና መስሎት ተላጭቶ ይመጣል። ምላጩ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፤ ጀርም እዚያ ይገባል። ጸጉሩ መነሳት ካለበት እኛ በመቁረጫ ማሽን እናነሳዋለን። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ተስተካክሎ ይግባ። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም።

የኢንፌክሽን መከላከያ መርፌው ቆዳው ከመከፈቱ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ ይሰጣል። ኦፕሬሽኑ ካለቀ በኋላ «ለማንኛውም ይቀጥል» እያላችሁ የምትለምኑን አላችሁ። መቀጠሉ ቁስሉን አይጠብቅም። መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው የሚያፈራው።

ከኦፕሬሽን በኋላ የምለምናችሁ አንድ ጥያቄ ነው። ጠዋት ራውንድ ስንዞር ጠይቁን፦ «ዶክተር፣ ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋታል?» የሽንት ቱቦ በቆየ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ቀን፣ ኢንፌክሽን የማምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ካኑላም (ግሉኮስ የሚገባበት፣ ደም ሥር ላይ የሚሰካው ቀጭን ቱቦ) እንዲሁ። ሥራ በዛብንና ረሳነው እንጂ ትናንት መውጣት የነበረበት ቱቦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛዋ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። መሬት አይንካ። ስትነሣ አልጋው ላይ አታስቀምጡት፤ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የማለዳ ተረኛ | ረቡዕ፣ ማታ 1:15

እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እየነገርኳት።

ስለ ሐኪምና ነርስ ብዙ ተባለ። ስለ ወለሉ የተናገረ የለም። ሥልጠና ሰጥተውናል። ከንጹሑ ቦታ ተጀምሮ ወደ ቆሻሻው ይሄዳል፤ ሽንት ቤት መጨረሻ ነው። ሽንት ቤት የጸዳበት መወልወያ ወደ አልጋ አይመለስም። ደም የፈሰሰበት ላይ በረኪና እንጠቀማለን። 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ ያደረ ኃይል የለውም። በረኪናን ከአሲድም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉ። ጢሱ ሳንባ ያቃጥላል።

አስታማሚዎችን የምለምነው ስለ ቅርጫት ነው። ቢጫው የደምና የመግል ነው። ጥቁሩ የተራ ቆሻሻ ነው። መርፌ የሚገባው ካርቶን ሳጥን ውስጥ ነው። እናንተ የሙዝ ልጣጭ ቢጫው ውስጥ ትጥላላችሁ። ያስቸግረናል። የባሰው ግን መርፌ ጥቁሩ ውስጥ መገኘቱ ነው። እኔ ተወግቻለሁ። ውጤቱ እስኪነገረኝ የቆየሁበትን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝም። ደህና ሆኜ ወጣሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለሙያም ቢሆን አስታማሚ፣ መርፌ ወድቆ ካየ በእጁ አያንሣ፤ ይጥራን።

ደግሞ አልጋ ሥር ዕቃ አታብዙ። ሰሌኑ፣ ምጣዱ፣ የበሶው ዕቃ፣ ጫማው። እሱ ሁሉ ባለበት መወልወያው አይገባም። ጠዋት ስንመጣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ አንሡልን።

ነጭ ጋዋን | ረቡዕ፣ ማታ 1:40

እናቴ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኛ የምንሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። የጉበት ክትባቱን ተከትበዋል? ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን። ካልተከተቡ ነገ ጠይቁ፤ ለእርስዎም ይገባል።

የአዴት መንገድ | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ሳኒታይዘር በየቀኑ ለመግዛት አቅም የለንም። አረቄ አይሆንም? እሱም አልኮል ነው።

ፋርማሲ ጥግ | ረቡዕ፣ ማታ 3:00

አይሆንም ወንድሜ። ለእጅ የሚሆን አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት። የቤት አረቄ እዚያ አይደርስም። ስንት እንደሆነም ተለክቶ አይሸጥም። አቅም ከሌለ ሳሙናና የሚወርድ ውኃ ይበቃል፤ ለእድፍ እንዲያውም እሱ ይበልጣል።

ሆስፒታሎች ግን ራሳቸው ሊያዘጋጁት ይችላሉ። በኮሮና ጊዜ ብዙዎቹ አድርገውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 417፣ ግሊሰሪን 145፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ነው። ተዘጋጅቶ ከመጠቀም በፊት 72 ሰዓት ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ ነው። ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ እሳት ይይዛል።

ሬዚደንቱ ስለ መድኃኒት የለመደ ጀርም ያለው ልቤን ነካው። እኔ ባንኮኒ ቆሜ የማየው እሱን ነው። ሰው መጥቶ «ሴፍትሪያክሶን ስጠኝ» ይላል፤ የኢንፌክሽን መርፌውን፣ ያለ ማዘዣ። ለጉንፋን። ጀርሙ መንደር ውስጥ ይለምደዋል። ከዚያ ያው ጀርም ዋርድ ውስጥ ሲገኝ ሐኪሙ ምን ይዞ ይዋጋ? ቁስል ሲያመግል «ካልቸር ይሠራልን?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው መድኃኒት ጀርሙን እንደሚገድል የሚያሳየው እሱ ነው። ውድ መድኃኒት በግምት ከመግዛት ያድናችኋል።

የእማ ልጅ | ሐሙስ፣ ጠዋት 12:50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሬዚደንቱ፣ ያልከውን ለወንድሜ አነበብኩለት። ሁለታችንም አለቀስን።

እማ ትናንት ወጣች። አሁን ከመራዊ ወዲያ ገጠር ዘመድ ቤት ናት። ቁስሉ ገና ስላልደረቀ በየሁለት ቀኑ ፋሻ ይቀየርላት ተብሏል። ከዚያ ጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አጎቴ «መቀስና ጨርቅ ቀቅለን ቤት እንቀይርላት» ይላል። ቅቤ ይቀባም የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው መምህር | ሐሙስ፣ ጠዋት 1:30

ልጄ፣ እኔ ፊዚክስ ነው ያስተማርኩት። ስለ መቀቀሉ እኔ ልመልስ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም ቶሎ ይፈላል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 አካባቢ ነው። መራዊም ከዚህ አይሻልም። እሳቱን ብታበዢው ያው ነው፤ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። አንዳንድ ጀርም ዘር መሰል ቅርፊት ሠርቶ ይቀመጣል፤ በ100 ዲግሪም አይሞትም። ለዚህ ነው ሆስፒታሎች አውቶክሌቭ የሚጠቀሙት። እንፋሎቱን አፍኖ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል።

ስለ እጅ መታጠብ ሳስብ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሐኪም አለ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ ይባላል። ቪየና፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ.። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበር። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው የሚያዋልዱበት፣ አዋላጆች የሚያዋልዱበት። እናቶች በብዛት የሚሞቱት ሐኪሞቹ ጋ ነበር። ተማሪዎቹ አስከሬን መርምረው በዚያው እጅ ወደ ምጥ ክፍል ይመጡ ነበርና። በሚያዝያ 1847 ከወለዱት 100 እናቶች 18 ገደማ ሞቱ። እሱ እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ሐኪሞቹ ግን አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። እጃችን ይገድላል መባል ከበዳቸው። የአንቺ ይሉኝታ ከሌላው ወገን ሲታይ ይህ ነው።

የዓለም የእጅ ንጽሕና ቀን ሚያዝያ 27 ነው። የአርበኞች ቀን። ተማሪ ቤት ብሆን ሁለቱን አንድ ላይ አስከብር ነበር።

ነጭ ጋዋን | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:15

ቅቤ አይነካውም። ቅጠልም፣ ቡናም። ጸበሉን ግንባሯን አስነኳት፤ ፋሻው ላይ ግን አይፍሰስ።

ጤና ጣቢያ ውሰዷት። አንድ ሰዓት ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። በባጃጅም በበቅሎም ቢሆን። ገና አፉ ያልገጠመ ቁስል ነው። በመካከል ፋሻው ከራሰ ወይም ከወለቀ ቀኑን ሳትጠብቁ ሂዱ። ትኩሳት፣ አዲስ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካያችሁ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። ሌሊትም ቢሆን።

የእማ ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 1:05

ዛሬ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ፋሻውን የሚቀይረው ወጣት ልጅ ነው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጓንት ሊያደርግ ሲል ልቤ ድብ ድብ አለ። ጠርሙሱን አውጥቼ «ወንድሜ፣ አልኮል አለልህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አመሰግናለሁ፤ የእኛ ካለቀ ሁለት ቀን ሆነው» አለኝና እጁን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ጓንቱን አጠለቀ። ያ ብቻ ነው። ስፈራው የከረምኩት ይህን ነበር።

ጠርሙሱን እዚያው ተውኩለት።

ቁስሉ ከሥር ቀይ ሥጋ እየሞላ ነው አለ። ደህና ምልክት ነው?

ነጭ ጋዋን | ዓርብ፣ ማታ 1:20

በጣም ደህና ምልክት ነው እህቴ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚድነው። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር አብሏት፤ ጾም ነው ካለች ንስሐ አባቷን አነጋግሩላት።

የዘጌ ሰው | ዓርብ፣ ማታ 1:45

ነጭ ጋዋን፣ ውኃ ይጠፋል ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። ባልዲ ከነቧንቧው ብንገዛ ለዋርዱ ይጠቅማል? እኔ ሁለት እችላለሁ።

ነጭ ጋዋን | ዓርብ፣ ማታ 2:00

ይጠቅማል፤ እንዴት አይጠቅምም። ክዳን ያለው ይሁን። መጀመሪያ የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊያችንን ነገ ጠይቄ ልመልስልህ። የሚቀመጥበት በርጩማና ከሥር የሚቀበል ሳፋም ያስፈልጋል።

የማለዳ ተረኛ | ዓርብ፣ ማታ 2:10

ሳፋውን እኔ አመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞልቼ አስቀምጠዋለሁ።